ደመ ከልብና የቀጠሮው ቀን

በአገራችን ቋንቋ አንድ ሰው በግፍ ተገድሎ ደሙን የሚጠይቅለት ወገን የታጣ እንደ ሆነ «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባላል። ቃሉ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜውም የውሻ ደም ማለት ነው። ይህን የተናገሩት አባቶቻችን ያዘኑት ለሰው እንጂ ለውሻ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በዚሁ አነጋገር ስለ ውሻም አንድ እውነተኛ ነገር ተናግረዋል። ውሻ ሲሞት ማን ገደለው፣ ስለ ምን ገደለው፣ መቼ ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ አልነበረም ማለት ነው። ባለቤት ያለው ውሻ እንኳ ቢሞት ክርክሩ ስለ ባለቤቱ ንብረት እንጂ ስለ ውሻው ሕይወት አይደለም፤ ባለቤት የሌለው ግን ከነጭራሹ ጠያቂ የለውም።

ካለፉት 160 ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ታላላቅ ከተሞች ስለዚህ ደም መጠየቅ ጀምረዋል። ጥያቄው የተነሣው በታላቅ አዋጅ ወይም በፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን እጅግ አነስተኛ በሚመስል የአስተዳደር ጕዳይ ነው፤ ይኸውም አንድ የባዘነ ውሻ በከተማው ሠራተኛ እጅ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ እስኪሸጥ ወይም እስኪገደል ድረስ ስንት ቀን ይቈይ የሚለው ነው። ፍርድ ቤት ለተከሳሽ ቀጠሮ እንደሚሰጥ ሁሉ ሕግ ለውሻ ቀጠሮ ሰጠው። ይህ የቀጠሮ ቀን ሲረዝምና ሲያጥር የተከታተለ ሰው፣ በየዘመኑ የከተማው ሕዝብ ስለ ውሻ ምን ያስብ እንደ ነበረ፣ ከዚያም ይልቅ ወጪውን ማን ይከፍል እንደ ነበረ ለመረዳት ይችላል። እኛም በዚህ ጽሕፈት በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ የሆነውን እንመለከታለን። የዓመታቱና የወራቱ አቈጣጠር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በሎንዶን ጎዳናዎች ይዞር የነበረው ውሻ ቀጠሮ አልነበረውም። ለሕዝቡ ፍርሃት በቂ ምክንያት ነበረው። ሉዊ ፓስተር በጁላይ ወር 1885 በፓሪስ ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን ልጅ በክትባት እስካዳነ ድረስ፣ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ዕድሉን ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው አልነበረም፤ በሽታው አንድ ጊዜ ምልክቱን ካሳየ በኋላማ ዛሬም ቢሆን ከሞት የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ፣ እኛም በቋንቋችን «የእብድ ውሻ በሽታ» ብለን ስንጠራው ጥፋቱን በሙሉ በአንድ እንስሳ ላይ ጥለናል። ለሰው በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ቀበሮም፣ ድመትም፣ የሌሊት ወፍም ይይዘዋል። ስሙ ከውሻ ጋር ስለ ተጣበቀ፣ በሙቀት ወራት ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ ወይም በውሃ ጥም የሚንገዳገድ ውሻ ሁሉ «አብዷል» እየተባለ በዱላና በድንጋይ ይገደል ነበር። ካበደው ውሻ ይልቅ የተራበው ሳይበዛ አይቀርም፤ ነገር ግን ከመሞቱ በፊት ሁለቱን ለይቶ የሚመረምር አልነበረም።

በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ወይዘሮ በሎንዶን ሰሜናዊ ክፍል፣ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የፈረስ ጋጣ ግቢ ውስጥ «የጠፉና የተራቡ ውሾች ጊዜያዊ መጠጊያ» የተባለውን ቤት ከፈቱ። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። ውሻው ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ወይም አዲስ አሳዳሪ እስኪያገኝ ብቻ እንዲጠለል ነው እንጂ እስኪያረጅ እንዲጦር አልነበረም። ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ በዚሁ ዓመት በወይዘሮዪቱ ላይ ተሳለቀ፤ በሎንዶን ስንት ሰው በረኃብ ሲያድር ለውሻ ቤት መክፈት ከርኅራኄ ልክ ያለፈ ሞኝነት ነው ያለው ሰው ብዙ ነበር። ይህ ተቃውሞ እንዲሁ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የዚያ ዘመን የሎንዶን ድኻ ኑሮ አሳዛኝ ነበርና። ሆኖም ለውሻው የተከለከለው ቍራሽ ወደ ድኻው አፍ የሚገባበትን መንገድ ከተሳላቂዎቹ መካከል ያሳየ አልተገኘም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ቻርልስ ዲከንስ ያዘጋጁት በነበረው መጽሔት ላይ ስለዚሁ ቤት አንድ ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊው በዚያው አካባቢ ይደረግ የነበረውን የተመረጡ ውሾች ትርኢት ከቲልቢ መጠጊያ ጋር አነጻጸረ፤ በአንዱ ዘራቸው የተቈጠረላቸው ውሾች ተሸልመው ይታያሉ፣ በሌላው ደግሞ ማንም የማይፈልጋቸው ተኰራምተው ተኝተዋል። የሕዝቡ አስተያየት ቀስ በቀስ የተለወጠው እንዲህ ባለው ጽሑፍ ረዳትነት ነው። ወይዘሮ ቲልቢ ግን ይህን ለውጥ ብዙ ሳያዩ በ1865 ዐረፉ።

እርሳቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕጉ ወጣ። በ1867 የወጣው የሎንዶን ጎዳናዎች ሕግ፣ ጠባቂ ሳይኖረው በመንገድ ላይ የተገኘውን ውሻ ፖሊስ እንዲይዝ ሥልጣን ሰጠ። በአንገቱ ላይ የባለቤቱ አድራሻ ያለበት ማሰሪያ የተገኘ እንደ ሆነ ለባለቤቱ በፖስታ ደብዳቤ ይላክለታል፤ ባለቤቱም መጥቶ የቀለቡን ወጪ ከፍሎ ይወስዳል። ሦስት ሙሉ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ውሻው ሊሸጥ ወይም ሊገደል ይችላል። እነሆ የመጀመሪያው ቀጠሮ ይህ ነው፤ ሦስት ቀን። አንድ ሠራተኛ ከሥራው ፈቃድ አግኝቶ፣ ከተማውን በእግሩ አቋርጦ፣ የተጠየቀውን ሳንቲም ይዞ ለመምጣት የሚበቃ ጊዜ መሆኑ ያጠራጥራል። ቢሆንም በዱላ ከመመታት ወደ ሦስት ቀን መሻገር ታላቅ እርምጃ ነበር።

ፖሊስ የያዛቸውን ውሾች የሚያስቀምጥበት ቦታ ያስፈልገው ስለ ነበረ የቲልቢ መጠጊያ የሕጉ ክንድ ሆነ። መጠጊያው በ1871 ከሆሎዌይ ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው በዚያ ሰፈር ስም ነው። በ1883 ድመቶችንም መቀበል ጀመረ፤ በ1885 ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂ ሆኑለት። ክብሩ እንዲህ ከፍ ሲል ግን ሸክሙም ከበደ። ለማዳን የተሠራው ቤት፣ ፖሊስ በየቀኑ ለሚያመጣቸው ውሾች ሁሉ ስፍራ ሊያገኝ ስላልቻለ፣ ቀጠሮአቸው ያለፈባቸውን መግደል ግድ ሆነበት። በ1884 ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን የተባሉት ሐኪም ውሾቹ ሳይሠቃዩ በጋዝ አንቀላፍተው የሚሞቱበትን ክፍል በባተርሲ ሠሩ። ይህ በዘመኑ እንደ ርኅራኄ ሥራ ተመሰገነ፤ ከዱላው ጋር ሲመዛዘንም በእውነት ርኅራኄ ነበረ። ነገር ግን ሥቃይ ሲቀር የኅሊና ወቀሳም አብሮ ስለሚቀል፣ የሟቾቹ ብዛት ለረጅም ዘመን ማንንም እንቅልፍ አልነሣም።

በዚህ መካከል መንግሥት ፊቱን ከውሻው ወደ ባለቤቱ አዞረ። ዋልተር ሎንግ የተባሉት የእርሻ ጕዳይ ኃላፊ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ በሽታው ባለበት ወረዳ ያለ ውሻ ሁሉ አፉ በማሰሪያ እንዲታሰር፣ ከውጭ አገር የሚገባ ውሻም ተለይቶ እንዲጠበቅ አስገደዱ። ብዙ ውሻ ወዳድ ሰዎች ተቈጥተው ተሰለፉባቸው። እርሳቸው ግን አልተመለሱም፤ በ1902 እንግሊዝ አገር ከእብድ ውሻ በሽታ ነጻ ሆነች። በ1918 በድብቅ በገባ ውሻ ምክንያት እንደ ገና ተነሥቶ በ1922 ጠፋ። በመንገድ ላይ ያገኙትን ውሻ ሁሉ መግደል ለዘመናት ያላስገኘውን ውጤት ባለቤቱን የሚያስገድደው ደንብ በጥቂት ዓመታት አስገኘ።

ፍርሃቱ ሲቀንስ ቀጠሮው ረዘመ። በ1906 የወጣው የውሾች ሕግ ሦስቱን ቀን ሰባት ሙሉ ቀን አደረገው፤ ከዚህም ጋር በመንገድ ላይ የተያዘ ውሻ በሕይወቱ እየተቀደደ ለሚደረግ ምርመራ እንዳይሰጥና እንዳይሸጥ ከለከለ። ይህን ክልከላ ለመረዳት በዚያው ዓመት በባተርሲ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። በሴፕቴምበር ወር 1906 በሰፈሩ መናፈሻ ለአንድ ቡናማ ውሻ የነሐስ ሐውልት ቆመ። በሐውልቱ ላይ ውሻው በፌብሩዋሪ 1903 በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምርመራ ክፍል ውስጥ መሞቱ፣ በ1902ም በዚያው ስፍራ 232 ውሾች በሕይወታቸው እየተቀደዱ መመርመራቸው ተጽፎ ነበር። ነገሩን ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ የተከሰሱት የፊዚዮሎጂ መምህር ዊሊያም ቤይሊስ ለውሻው ማደንዘዣ በሚገባ አልሰጡም ብሎ በአደባባይ የወቀሳቸውን ሰው በ1903 በስም ማጥፋት ከሰው 2,000 ፓውንድ ካሣ የተፈረደላቸው መሆኑን መናገር ይገባል። እኒሁ ሰው ከባልደረባቸው ከኧርነስት ስታርሊንግ ጋር በ1902 ሴክሬቲን የተባለውን ሆርሞን ያገኙ ናቸው፤ ግኝታቸውም የተገኘው በውሻ ላይ በተደረገ ምርመራ ነው። ሐውልቱ ለብዙ ጠብ ምክንያት ሆነ። በ1907 የሕክምና ተማሪዎች በሎንዶን ጎዳናዎች ተነሥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። በመጨረሻ በማርች ወር 1910 በሌሊት፣ 120 ፖሊሶች እየጠበቁ፣ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት ሐውልቱን አስነሣው። ደመ ከልብ የተባለው ደም በቍጥር ተጽፎ በአደባባይ ሲቆም ከተማን እስከ ማወክ ደረሰ።

ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ በነበሩት ከተሞች ነገሩ የተጀመረው ከሎንዶን በባሰ ሁኔታ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በሙቀት ወራት ውሻ ይዞ ወደ ከተማው በረት ለሚያመጣ ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር። ዋጋ የተቈረጠለት ነገር ሌባ አያጣምና የሰው ውሻ ከደጃፉ እየተሰረቀ ለከተማው ይሸጥ ጀመር። በ1877 በበረቱ የተከማቹት ውሾች በብረት ፍርግርግ ሣጥን እየታጐሩ፣ ሣጥኑም በማንሻ ማሽን እየተንጠለጠለ ወደ ምሥራቅ ወንዝ ይነከር ነበር፤ በጁላይ ወር በአንድ ቀን ብቻ ከ700 በላይ ውሾች በዚህ ዓይነት ሰጠሙ።

በዚያች ከተማ በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ጭካኔ የሚከለክለውን ማኅበር ሄንሪ በርግ በ1866 አቋቁመው ነበር። ከተማው በረቱን ተረከቡ ቢላቸው ግን እርሳቸው እምቢ አሉ፤ የማኅበሩን ዓላማ የሚያፈርስ መስሎ ታይቷቸዋልና። በፊላደልፊያ የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ካሮላይን ኧርል ዋይት የተባሉ ወይዘሮ በ1867 የፔንሲልቫኒያን ማኅበር ለማቋቋም ብዙ የደከሙ ሲሆኑ፣ ሴት በመሆናቸው በአስተዳደሩ ጉባኤ ወንበር አላገኙም። ስለዚህ በ1869 የሴቶችን ቅርንጫፍ መሠረቱ፤ ብዙም ሳይቈይ ወንዶቹ የሸሹትን የከተማውን የውሻ በረት ተረክበው በዱላ መግደልን አስቀሩና ውሻ አሳዳሪ የሚያገኝበትን መጠለያ ከፈቱ። ይህ በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል። ከበርግና ከዋይት ማን ትክክል ነበር ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ እኔ ወደ ወይዘሮ ዋይት አደላለሁ። እጁን ያላቆሸሸ ሰው የበረቱን ልማድ ሊለውጥ አይችልምና።

የኒው ዮርክም ማኅበር በርግ በ1888 ከሞቱ በኋላ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በ1894 በወጣው ሕግ የውሻ ፈቃድ ገንዘብ እየሰበሰበ በዚያው የባዘኑትን እንስሳት የመያዙንና የማኖሩን ሥራ ተረከበ። ቀጠሮው ግን 48 ሰዓት ብቻ ነበር። የግል ማኅበር ከሕዝብ እንዲህ ያለ ገንዘብ መቀበሉ ያስቈጣቸው ሰዎች ክርክሩን እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ፍርድ ቤቱም በ1920 ሕጉን አጸናው። ይኸው ፍርድ ቤት ቀደም ሲል በ1897 በሌላ ክርክር፣ ውሻ እንደ ፈረስና እንደ ላም ፍጹም ንብረት አይደለም ብሎ ወስኖ ነበር። እንግዲህ ባለቤት ያለውም ውሻ ቢሆን በሕግ ፊት አቋሙ እስከዚህ ድረስ የላላ ነበር።

እንግሊዞች በ1906 የከለከሉትን ነገር የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በ1952 ግዴታ አደረገው። በዚያ ዓመት የወጣው የሜትካፍና የሃች ሕግ፣ የሕዝብ ገንዘብ የሚቀበል መጠለያ ሁሉ ቀጠሮአቸው ያለፈባቸውን እንስሳት ለምርመራ ጣቢያዎች በጥያቄ ጊዜ እንዲሰጥ አዘዘ። ከመጠለያው ጋር ይህን ያህል የተጣላ ሕግ ያለ አይመስለኝም። ልጆቻቸው ያሳደጉትን ውሻ ማቈየት ያልቻሉ ሰዎች በታላቅ እምነት ወደ መጠለያው ያመጡት ነበርና፣ ያ እምነት በዚህ ሕግ ተሰበረ። ሕጉ የተሻረው ከ27 ዓመት በኋላ በ1979 ነው። በመካከሉ፣ በ1965፣ ፔፐር የተባለች አንዲት ውሻ ከቤቷ ጠፍታ በኒው ዮርክ ሆስፒታል የምርመራ ክፍል መሞቷ ተሰማና አገሩን አስቈጣ። ላይፍ የተባለው መጽሔት በ1966 የውሻ ነጋዴዎችን በረት በፎቶግራፍ ሲያሳይ፣ የሕዝብ እንደራሴዎቹ በዚያው ዓመት የምርመራ እንስሳትን የሚጠብቀውን የመጀመሪያውን የፌዴራል ሕግ አወጡ። በ1990 ይኸው ሕግ ተሻሽሎ መጠለያ ለነጋዴ ከመሸጡ በፊት ውሻውንና ድመቱን ቢያንስ አምስት ቀን እንዲያቈይ ደነገገ፤ በሕጉ መሠረት የወጣው ደንብም ከቀናቱ አንዱ ቅዳሜ እንዲሆን አዘዘ። ቅዳሜ የገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሠራተኛ ሰው ውሻውን ለመፈለግ የሚወጣው በዕረፍት ቀኑ ነው። በ1867 የሎንዶን ሕግ አውጪዎች ያላሰቡትን ይህን ነገር ለማሰብ ከ120 ዓመት በላይ ፈጀ።

ቀጠሮን ማራዘም ብቻ ግን ነገሩን አይፈታውም። በረቱ ያው፣ ገንዘቡም ያው ሆኖ ቀኑ ከሦስት ወደ ስድስት ቢያድግ፣ ስፍራው ለአንዱ ሲያዝ ሌላው ከደጅ ይቀራል፤ መጨናነቁም በሽታ ያመጣል። በ1970ዎቹ በአሜሪካ መጠለያዎች በዓመት የሚገደሉት ውሾችና ድመቶች ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ ይገመታል። ስለዚህ የሎስ አንጀለስ ከተማ በ1971 ውሾችና ድመቶች እንዳይራቡ በአነስተኛ ዋጋ በቀዶ ሕክምና የሚመክኑበትን የማዘጋጃ ቤት ክሊኒክ ከፈተ። በዚህም ሥራው ከበረቱ በር ወደ መወለጃው ተዛወረ። የማዘጋጃ ቤት ሥራ የያዘ አንባቢ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ለመመርመር ቢፈልግ ይህን ክሊኒክ ቢመርጥ ይሻለዋል። የአንድ ጊዜው የቀዶ ሕክምና ወጪ በበረት ሊከማቹ ከሚችሉት ግልገሎች ቀለብ ያነሰ ነውና።

በሳን ፍራንሲስኮ የነበረው የእንስሳት ማኅበር ደግሞ በ1989 የከተማውን ኮንትራት አልፈልግም ብሎ መለሰ፤ ከተማውም የራሱን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ከዚያ በ1994 ሁለቱ ስምምነት ተፈራረሙ። በከተማው መጠለያ ያለ፣ ጤናማና ጠባየ መልካም የሆነ፣ አሳዳሪ ሊያገኝ የሚችል እንስሳ ሁሉ አንድም ሳይገደል ማኅበሩ እንዲረከበው ተስማሙ። የኒው ዮርክም ማኅበር በዚያው በ1994 መጨረሻ መቶ ዓመት የሠራበትን የከተማ ሥራ ተወ። በርግ እምቢ ያሉትን ተቀብለው የነበሩት ተተኪዎቻቸው እንደ ገና ወደ እምቢታው ተመለሱ ማለት ነው።

«አሳዳሪ ሊያገኝ የሚችል» የሚለው አነጋገር ከዚህ በኋላ በሕግ መጽሐፍ ገባ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በ1998 ባወጣውና በተለምዶ የሄይደን ሕግ በሚባለው ደንብ፣ ስምንት ሳምንት የሞላውን፣ ለሰው የሚያሠጋ የጠባይ ጕድለትና ጤናውን ለወደፊት የሚጐዳ በሽታ የማይታይበትን እንስሳ በዚህ ስም ጠራው። እንዲህ ያለው እንስሳ ተስማሚ ቤት የሚያገኝ ከሆነ መገደል እንደሌለበት የክፍለ ሀገሩ መመሪያ ነው ብሎም ጻፈ። ቀጠሮውንም ከ72 ሰዓት ወደ ስድስት የሥራ ቀን፣ መጠለያው በማታ ወይም በዕረፍት ቀን የሚከፈት እንደ ሆነ ወደ አራት የሥራ ቀን አሳደገው። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያስፈራ ጠርዝ አለው። አሳዳሪ የሚገባውን የሚለይ ሕግ የማይገባውንም ይለያል። ያረጀ፣ የፈራ፣ በረት ውስጥ ሆኖ የሚያጕረመርም ውሻ በየትኛው ወገን ይጻፍ? መልሱ የሚገኘው በሕጉ ውስጥ ሳይሆን ጠዋት በመዝገቡ ላይ ምልክት በሚያደርገው ሠራተኛ ዓይን ነው። በ2009 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ በጀት ሲጐድል፣ ወጪው ከመንግሥት የሚከፈለው የዚህ ሕግ ክፍል ታገደ። ገንዘብ የጐደለ ጊዜ ቀድመው የተነኩት እነዚያ የተጨመሩት ቀናት ናቸው።

ይሁን እንጂ ቍጥሩ በእርግጥ ወርዷል። ራሱ የበርግ ማኅበር ባወጣው ግምት በአሜሪካ መጠለያዎች የተገደሉት እንስሳት በ2011 ወደ 2.6 ሚሊዮን፣ በ2019 ወደ 920,000 ነበሩ። ይህም የሆነው ከቀጠሮው መርዘም ይልቅ በማምከኑ ሥራና ውሻን ከመጠለያ መውሰድ እንደ ልማድ በመያዙ ይመስለኛል።

ወደ እንግሊዝ አገር ስንመለስ፣ የሰባት ቀኑ ቀጠሮ በ1990 በወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ እንደ ጸና ቀርቷል። ከኤፕሪል 2008 ጀምሮ ሥራው ከፖሊስ ወጥቶ ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ብቻ ተሰጥቷል። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ለዚህ ሥራ አንድ ሹም ይሾማል፤ ሹሙም መዝገብ ይይዛል። በመዝገቡ ውስጥ የተያዘው ውሻ መልክና ልዩ ምልክቱ፣ የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ስፍራ፣ በአንገቱ ማሰሪያ ላይ የተገኘው ጽሑፍ ይጻፋል። ውሻው የተሸጠ ወይም የተሰጠ እንደ ሆነ የወሰደው ሰው ስምና አድራሻ፣ የተገደለ እንደ ሆነ ደግሞ የተገደለበት ቀን ይመዘገባል። መዝገቡንም ማንኛውም ሰው በተገቢው ሰዓት መጥቶ ገንዘብ ሳይከፍል ሊያነበው ይችላል።